ዛልማን የጠፋባቸው አሥራ አንድ ወራት

ሃይማን ፐርሎው ሰው ማመን ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ቶሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ ዋይትቻፕል በሚገኝ ማተሚያ ቤት ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የማተሚያ ፊደላት እየለቀመ ሲደረድር ስለኖረ ዓይኑ ስሕተት ፍለጋ ሠልጥኖ ቀርቷል። ጡረታ ሲወጣ ያንኑ ዓይኑን ይዞ ሌላ ሥራ ጀመረ፤ በምዕተ ዓመቱ መባቻ በለንደን ምሥራቅ ሰፈሮች ይጋጠሙ የነበሩትን አይሁዳውያን ቦክሰኞች አንድ በአንድ መመዝገብ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ከማን ጋር እንደተጋጠመና እንዴት እንደተለያዩ ይሰፍራል።

ሥራው ተጠራጣሪ ሰው ይፈልጋል። በዚያ ዘመን የረቢ ልጅ እናቱ እንዳትሰማበት በአየርላንዶች ስም “ፓት” ተብሎ ይጋጠማል፤ የአየርላንዱ ልጅ ደግሞ የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች መጥተው እንዲያጨበጭቡለት በአይሁዶች ስም “ኮኸን” ተብሎ መድረክ ላይ ይወጣል። የሃይማን ታላቅ ወንድም ሌቢ ራሱ “ፓት” ተብሎ የተጋጠመ ነው። ግን በዚያ ስም አራት ሰዎች ስለተጋጠሙ የቱ ድል የወንድሙ፣ የቱ ሽንፈት የሌላው እንደሆነ ሃይማን መለየት አልቻለም። ሌቢ በአንደኛው ጦርነት ስለሞተ የሚጠየቅም አልነበረም። ሃይማን የገዛ ወንድሙን ሳይመዘግብ ተወው።

ጥርጣሬው እንዲህ የከፋበት ግን በአንድ ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ የተነሣ ነው። ሰውየው ቤቱ መጥቶ ሻይ እየጠጣ ስለ ቦክሰኛ አያቱ አወራለት፤ ሃይማንም ወሬው ስለጣፈጠው ሳያጣራ መዘገበው። ወር ሳይሞላ አያትየው ማልታዊ ካቶሊክ ሆኖ ተገኘ። በሰፈሩ ጋዜጣ አንዱ፣ “አቶ ፐርሎው በቅርቡ ጳጳሱንም ይመዘግቡልናል” ብሎ ጻፈበት። ሃይማን ያን ዕለት ካርዶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ እንደ አዲስ መመርመር ጀመረ። ዘጠኝ ሰዎች ሰረዘ። ከዘጠኙ የሁለቱ ቤተሰቦች እስከዛሬ ምኩራብ ውስጥ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ።

ወይዘሮ ሬይ ላችማን የመጣችው በመስከረም 1967 አንድ እሑድ ነው። አርባ ስድስት ዓመት የሚሆናት፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ብብቷ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

“ኮስኪ ነው የላከኝ” አለች ገና ሳትቀመጥ። አልፍ ኮስኪ የቀድሞ ቦክሰኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ማኅበሩ የድሮዎቹን አይሁዳውያን ቦክሰኞች ስም የያዘ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ በሃኑካ፣ በአይሁድ የመብራት በዓል ሳምንት ሊሰቅል አስቧል። “የአባቴ ስም እንዲገባ እርስዎ መፈረም አለብዎት አለኝ።”

“አባትዎ ማን ናቸው?”

“ጎረምሳው ዛልማን።”

ሃይማን ስሙን ያውቀዋል። ካርዱ ከመሳቢያው ውስጥ አለ፤ ግን ግማሹ ባዶ ነው።

“ሙሉ ስማቸውን?”

“ዛልማን ታርኖፍስኪ፣ የአብርሃም ልጅ። ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። እናቴ ሰማንያ ሰባት ጊዜ ተጋጥሟል ትል ነበር።”

“እናቶች ብዙ ይላሉ” አለ ሃይማን።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ፎጣውን ፈትታ አሮጌ የፎቶ አልበም ዘረጋችለት። ሃይማን ማጉያ መነጽሩን አወጣ። ብዙ የጋዜጣ ቁራጭና ስድስት ፎቶ አለ። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ግርጌና ራስጌ ቀኑ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። በደንብ ተመለከተው፤ ሥራዬ ብሎ የተቀመጠ ሰው የቆረጠው ነው።

“ቀኖቹን ማን ነው የቆረጣቸው?”

“እናቴ።”

“ለምን?”

“አልበሙ ጠቦኝ ነው አለችኝ።”

“አልበሙ ግማሹ ባዶ ነው።”

“አያለሁ፣ አቶ ፐርሎው።”

ሃይማን ገጹን ገለጠ። አንድ ቀጭን ልጅ ቀኝ እግሩን አስቀድሞ፣ ቀኝ ጓንቱን ወደፊት ዘርግቶ፣ ግራውን አገጩ ሥር ሸሽጎ ቆሟል። አቋቋሙ የግራኝ ነው።

“አባትዎ ግራኝ ነበሩ?”

“አልነበረም። ድንች የሚልጠውም፣ ሚስማር የሚመታውም በቀኙ ነበር። ፎቶ አንሺው ገልብጦ አትሞት ነው ይለኝ ነበር።”

ሃይማን ወደ ፎቶው አጎነበሰ። ፊደል ለቃሚ የተገለበጠ ጽሑፍ እንደ ቀናው አድርጎ ያነባልና ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ያልፈው ነበር። ከልጁ ጀርባ ግድግዳው ላይ “መውጫ” የሚል ጽሑፍ አለ። ጣቱን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ አሳለፈ። ጽሑፉ ቀና ነው። ፎቶው አልተገለበጠም፤ የተገለበጠው ወሬው ነው።

ያየውን ለራሱ ያዘው። አልበሙን ለጥቂት ሳምንት ትታለት እንድትሄድ ጠየቃት፤ እሺ አለች። በሩን ዘግቶባት ሲመለስ “ደግሞ ሌላ ማልታዊ” ብሎ ለራሱ አጉረመረመ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰ ኮሊንዴል በሚገኘው የጋዜጣ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የስፖርት ገጾችን አገላበጠ። ያገኘውን ሁሉ በቀን በቀኑ ደረደረው። ሰባ አምስት ግጥሚያ ሆነ። እስከ 1911 ሰኔ ድረስ ያሉት ሠላሳ አራቱ የአንድ ሰው ናቸው፤ ዘጋቢዎቹ “ግራኙ የአልድጌት አይሁዳዊ”፣ “ያ አስቸጋሪ ግራኝ” እያሉ ነው የሚጽፉት። ከዚያ በመስከረም ኒውካስል ከተማ ላይ ጎረምሳው ዛልማን ብቅ ይላል። ዘጋቢው እንዲህ ይላል፦ “በግራው እየነካካ አሰለቸው፣ በቀኙ ጣለው።” እንዲህ የሚመታ ግራኝ የለም። በጥቅምት መጨረሻም እዚያው ኒውካስል ውስጥ አንድ ጊዜ ተጋጥሟል፤ ያም በቀኙ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ስሙ የትም የለም። በ1912 ጥቅምት 14 ለንደን ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ቀኝ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ።

ሃይማን እርሳሱን አስቀመጠ። ሰው በበጋ ግራኝ ሆኖ በመኸር ቀኝ አይሆንም። ዓመት ሙሉስ የት ነበር? እስር ቤት? መርከብ ላይ? ወይስ ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው አፉን እስኪዘጋ ሲጠብቅ ነበር?

በማግስቱ የልደት መዝገቡን አስፈለገ። ዛልማን ታርኖፍስኪ፣ በ1891 የተወለደ፣ አባቱ ዮስል፣ ሥራው ቆብ መስፋት። ሴትየዋ ግን አብርሃም ነው ያለችው። ከዚያ ወላጆቿ ወደ ተጋቡበት ምኩራብ ሄዶ ጸሐፊውን የ1920ን የጋብቻ መዝገብ እንዲያወጣለት ለመነው። ጸሐፊው ወፍራም ጣቱን መስመሩ ላይ እየጎተተ አነበበለት፦ “ዛልማን፣ የአባታችን የአብርሃም ልጅ።”

ሁለቱ ተያዩ። አይሁዳዊ አባት የሌለው፣ ከሌላ ሕዝብ መጥቶ ሃይማኖቱን የተቀበለ ሰው በመዝገብ ላይ የሚጠራው እንደዚያ ነው።

“ጌር ነበር” አለ ጸሐፊው በዕብራይስጥ። “መጤ።”

“ሌባ ነበር” አለ ሃይማን። “በሞተ ሰው ስም ይሁን በጠፋ ሰው ስም ገና አላወቅኩም። የሌላ ሰው ስም ለብሶ ነው የኖረው።”

ወደ ቤቱ ሲመለስ አውቶቡስ ላይ ደሙ ፈላ። የተናደደው በሟቹ ብቻ አይደለም፤ በሴትየዋም ነው። አልበም በፎጣ ጠቅልላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ “እናቴ ትል ነበር” ያለችው በቀላሉ ይታለልልኛል ብላ ለገመተችው ሽማግሌ ነው ብሎ አሰበ። አሁኑኑ ደውሎ “አልበምሽን ውሰጂ” ሊላት ስልኩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። አንድ የሚቀር ምስክር ነበረ።

ባርኒ ዙክማን ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ስቴፕኒ ግሪን በሚገኝ የአረጋውያን ቤት ይኖራል። በወጣትነቱ የጎረምሳው ዛልማን ረዳት ነበር፤ በዙርና በዙር መካከል ላብ የሚጠርግለት፣ የተቀደደ ቅንድቡን የሚዘጋለት፣ ጆሮው ሥር ምክር የሚያንሾካሽክለት እሱ ነው። ሃይማን ሲገባ ሽማግሌው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በጨው የተዘፈዘፈ አሳ በዳቦ እየበላ ነበር።

“አጎት ባርኒ፣ ስለ ዛልማን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።”

“አልሰማም።”

“ስለ ጎረምሳው ዛልማን።”

“ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ።”

“አሳው ሸቷል” አለ ሃይማን ድምፁን ሳያነሣ።

ባርኒ ዳቦውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ አየውና ሳቀ፤ ሦስት ጥርስ ነው የቀረው። “የፐርሎው ልጅ። አባትህም እንዳንተ ተንኮለኛ ነበር። ወንድምህ ሌቢ ብቻ ነበር ከእናንተ ቤት ሰው። እሱንም መዝገብህ ውስጥ አላስገባኸውም አሉ።”

“ማስረጃ የለኝም።”

“ለገዛ ወንድሙ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ሌቢ ሲመታ ያየሁት ይሄው እዚህ ነው” ብሎ ግንባሩን በጣቱ መታ። “ማስረጃ።”

ሃይማን ንግግሩ ቢወጋውም ዋጠው። ወረቀቶቹን አንሶላው ላይ ዘረጋ። “እስከ ሰኔ ግራኝ። ከመስከረም ጀምሮ ቀኝ። በመሃል ዓመት ያህል የለም። ሰርጉ ላይ የአብርሃም ልጅ ተባለ። ማን ነበር ሰውየው፣ አጎት ባርኒ? ስሙን ከየት ሰረቀው?”

ባርኒ ወረቀቶቹን አላያቸውም። የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ።

“አልሰረቀም” አለ በመጨረሻ። “ኮን ሄፈርናን ነው ስሙ፤ አየርላንዳዊ፣ አባትም እናትም የሌለው። ከዛልማን ጋር አንድ ጂም ውስጥ ነው ያደጉት። አንድ ቀን ዛልማን ቤቱ ይዞት ሄደ፤ እናትየው ፌጌ ሾርባ ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስወጣው? ኩሽና ውስጥ ነበር የሚተኛው፣ ምድጃው ሥር። አይሁዳዊ ስላልሆነ ፌጌ ‘የእኔ ጎይ’ ነበር የምትለው። ዛልማን ሳንባው ታመመ። በኅዳር ሞተ። ወንድም የለውም፣ አባቱ ቀድሞ ሞቷል፤ ሦስት እኅቶች ብቻ። የኀዘኑን ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀምጠን ስናለቅስ ፌጌ ምን አለች መሰለህ? ‘ለልጄ ማን ቃዲሽ ይልለታል?’”

ቃዲሽ ለሙት የሚባል ጸሎት ነው። ልጅ ለወላጁ አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከጉባኤው መሃል ተነሥቶ ይለዋል። ሃይማን ያን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እጁ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ጥቅምት 14፤ ስሙ ከጋዜጣ የጠፋበት ጊዜ።

“ኮን ‘እኔ እላለሁ’ አለ” ባርኒ ቀጠለ። “አይሆንም አልነው። እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ወንድም ለወንድሙ ይበል እንኳ ብንል፣ እሱ ወንድም አይደለም፤ እሱ አይሁዳዊም አይደለም። ‘ቃሉን ብቻ አስተማሩኝ’ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ እኔ ነኝ ያስጠናሁት፣ በቃል፣ እንደ ዘፈን። ከዚያ በየጠዋቱ ኋላ ወንበር ላይ ቆሞ ይል ጀመር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የምኩራቡ አገልጋይ እንዳያየው አሥራ አንድ ወር ሙሉ መነጽሩን ሲፈልግ ከረመ።”

“ለአሥራ አንዱ ወርም አልተጋጠመም።”

“ኀዘን ላይ ያለ ሰው ቦክስ ይጋጠማል?”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ‘በዛልማን ስም ነው የምወጣው’ አለ። ፌጌ ልጇን በሕይወቱ አንድ ቀን ሲጋጠም አይታው አታውቅም፤ ቦክስ የሚለውን ቃል ቤቷ አታስጠራም ነበር። ከሞተ በኋላ ግን መድረክ ላይ ስሙ ሲጠራ ለመስማት አዳራሹ በር ላይ ትቆማለች። ስሙን ሰምታ ትሄዳለች። ሌላውን አታይም።” ባርኒ ዳቦውን አነሣ። “ከጦርነቱ ሲመለስ ሃይማኖታችንን ልቀበል ብሎ የረቢዎቹ ሸንጎ ዳኞች ዘንድ ሄደ፤ ሦስት ጊዜ መለሱት፣ በአራተኛው ተቀበሉት። ምን ስም ትፈልጋለህ ሲሉት፣ አንድ ስም ነው ያለኝ አላቸው።”

ሃይማን ከዚያ ቤት ወጣ። ታሪኩ ልቡን ነካው። ልቡን የነካው ታሪክ ደግሞ ያስፈራዋል፤ ያ ማልታዊም ልቡን ነክቶት ነበር። እቤቱ ገብቶ ካርዱን ለመጻፍ ብዕር አነሣና ተወው። በማግስቱ የዛልማንን የሞት ምስክር ወረቀት ለማግኘት አመለከተ።

ወረቀቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። የሞተው ኅዳር 9 ቀን 1911 ነው። የባርኒ ወሬ ልክ ነው፤ ከዚያ ቀን አንሥቶ አሥራ አንድ ወር ሲቆጠር ጥቅምት 9 ይሆናል፣ ኮን የተመለሰው ጥቅምት 14 ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ሌላም መስመር አለ፤ ሟቹ ከነሐሴ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ታዲያ በመስከረም ኒውካስል ላይ የተጋጠመው ማነው? ዛልማን ገና በሕይወት ሳለ፣ ኀዘኑም ቃዲሹም ሳይኖር፣ ስሙን የለበሰው ማነው?

ሃይማን ካፖርቱን ደርቦ ወደ ባርኒ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው መስማት ተሳነኝ አላለም። ወረቀቱን አይቶ መለሰለት።

“አንተ ልጅ” አለው፣ “ጥሩ ነገር ስትሰማ እዚያ ላይ ማቆም አታውቅም?”

“አላውቅም።”

“እኔ ነኝ። የእኔ ሐሳብ ነው። ኒውካስል ላይ ለሁለት ግጥሚያ ቃል ገብተን ነበር። ዛልማን ተኛ። እዚያ ፊቱን የሚያውቅ የለም። ኮንን ‘ተነሥ እንሂድ’ አልኩት፤ ፀጉሩ እንደ ከሰል የጠቆረ ስለነበር ማን ይለየዋል ብዬ ነው። አልፈለገም። አስገደድኩት። ለዛልማን አልነገርነውም።”

“አወቀ?”

“ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ጋዜጣ ሲያነብ ኒውካስል ላይ ማሸነፉን አየ።” ባርኒ አንሶላውን በጣቱ ይቆነጥር ጀመር። “ሳቀ። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ከሳሉ ጋር አለቀሰ። ሁለት ቀን አላናገረንም። በሦስተኛው ቀን ኮንን ጠርቶ ‘ሁለተኛው ግጥሚያ ላይ በግራህ ምታ፣ አለበለዚያ ያውቁብሃል’ አለው። ኮን ሞክሮ ነበር። ግራው እንደ ማንኪያ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ፣ ቃዲሹም፣ ስሙም፣ ለእኔ ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል። ሰርቆ ነበር፤ አሰርቄው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዕዳውን ሲመልስ ኖረ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ምኩራብ ሄጄ ለዛልማን አልቆምኩም።” ቀና ብሎ አየው። “ጻፈው። ባርኒ ዙክማን አጭበረበረ ብለህ ጻፍ። ደስ ይበልህ።”

ሃይማን ደስ አላለውም። ሽማግሌው አጠገብ ተቀምጦ ሻይ እስኪመጣ ቆየ፤ ሻዩንም አብረው ጠጡ። ስለ ሌቢ ጠየቀው። ባርኒ ሌቢ በቀኙ ሲመታ ትከሻውን ቀድሞ እንደሚያነሣና ሁልጊዜ በዚያ እንደሚያስታውቅበት ነገረው።

አልበሙን ለመመለስ ወይዘሮ ላችማን ቤት የሄደው ኅዳር ሲገባ ነው። ኩሽናዋ ውስጥ አስቀመጠችው። የሚነግራትን እየተለማመደ ነበር የመጣው፤ ሲጀምር ግን ሁሉንም እንደተገኘ አፈሰሰላት፤ ግራኙን፣ ቀኙን፣ የአባታችንን የአብርሃምን ልጅ፣ ምድጃው ሥር የሚተኛውን ወላጅ አልባ፣ ኒውካስልን፣ ቃዲሹን። አንዴም አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ተነሥታ ውኃ ቀድታ ጠጣች፤ ለእሱ ግን መስጠቱን ረሳችው።

“ፎቶው ላይ ያለውን ‘መውጫ’ የሚለውን አይተውት ነበር አይደል?” አለችው።

ሃይማን ደነገጠ። “አንቺም አይተሽዋል?”

“አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ። ፎቶው እንዳልተገለበጠ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ውሸቱን ሲነግረኝ ፊቱ ያሳዝነኝ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ፎቶ አንሺው ገለበጠው አልሽኝ?”

“ያዩት እንደሆነ ለማወቅ ነዋ።” መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። “አቶ ፐርሎው፣ ሰሌዳው ሰበብ ነው። ስሙ ሰሌዳ ላይ ወጣ አልወጣ ለእኔ ምኔም አይደለም። ሌላ ሰው ዘንድ ብሄድ ‘እሺ እመቤቴ’ ብሎ የነገርኩትን ይጽፍልኝ ነበር። በሰፈሩ ማንንም የማያምን አንድ ሰው አለ፣ የገዛ ወንድሙን ያላመነ፣ አሉኝ። እሱን ነው የምፈልገው አልኩ።”

ሃይማን ይህን ምስጋና ይሁን ስድብ መለየት አቃተው።

“በየዓመቱ በኅዳር” አለች ድምፅዋ ትንሽ እየሰለለ፣ “አባቴ ሻማ ያበራ ነበር። እዚህ፣ መስኮቱ ላይ። ለማን ነው ስለው ‘ለዛልማን’ ይለኛል። ‘ዛልማን እኮ አንተ ነህ’ ስለው ዝም ይላል። እኔ አባቴ ያበደ ይመስለኝ ነበር። ወይ የሆነ ሰው ገድሎ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። በእሱ ላይ ያላሰብኩት ነገር የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠርጥሬዋለሁ፤ ሲሞትም እየጠረጠርኩት ነው የሞተው።”

“መጠርጠርሽ ልክ ነበር” አለ ሃይማን፤ ሌላ የሚያጽናና ነገር አላገኘም። “የጠረጠርሽው ነገር ነው ልክ ያልነበረው።”

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ “ኮን” አለች፤ ስሙን እንደ አዲስ ምግብ ቀመሰችው። “ኮን ሄፈርናን። አባቴን አይመስልም። ደህና ሰው ይመስላል ግን።”

የማኅበሩ ስብሰባ የተደረገው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ስድስት ሰዎች ናቸው። ሃይማን ሁለት ካርድ ጽፎ መጣ፤ አንዱ የዛልማን ታርኖፍስኪ፣ ሠላሳ አራት ግጥሚያ፤ ሌላው የኮን ሄፈርናን፣ በኋላ ዛልማን የአብርሃም ልጅ፣ አርባ አንድ ግጥሚያ። ኒውካስልንም አልደበቀም። ጮክ ብሎ አነበበው።

አልፍ ኮስኪ ትልቅ ሆዱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አዳመጠ። “ሃይሚ፣ እኔ አንድ ስምና አንድ ትልቅ ቁጥር ነው የፈለግኩት። አንተ ልብ ወለድ ይዘህልኝ መጣህ።”

“ማስረጃው ይኸው።”

“ማስረጃውንማ አየሁ። ሰውየው አይሁዳዊ የሆነው መቼ ነው? በ1919። አብዛኛውን ግጥሚያ ሲጋጠም አንገቱ ላይ መስቀል ነበረ። ‘ሲጋጠም አይሁዳዊ ያልነበረ አይገባም’ የሚለውን ደንብ ማን ነው ያወጣው?”

“እኔ።”

“በዚህ ደንብ ዘጠኝ ሰው የሰረዘውስ?”

“እኔ ነኝ። ደንቡን ሳወጣ እንዲህ ያለ ሰው አላሰብኩም ነበር።” ሃይማን ቆመ። ስብሰባ ላይ ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። “አሥራ አንድ ወር በየጠዋቱ ተነሥቶ ቃዲሽ ያለ ሰው ነው። ከእኛ ውስጥ ለገዛ አባቱ እንኳ አሥራ አንዱንም ወር ያልጨረሰ አለ፤ ስም አልጠራም።”

ሁለት ሰዎች ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ። ኮስኪ ተነፈሰና ድምፅ ይሰጥ አለ። አራት ለሁለት ሆነ። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ዛልማን ታርኖፍስኪ ብቻ ነው፤ ከነሠላሳ አራት ግጥሚያው። ሃይማን ተሸነፈ፤ ሁለተኛውን ካርድ ኪሱ ውስጥ ከቶ ወጣ። በማግስቱ ከመጀመሪያው ካርድ ጀርባ አድርጎ ከራሱ መሳቢያ አስቀመጠው። የዘጠኙን የተሰረዙ ሰዎች ካርዶችም ከሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ ከመካከላቸው የትኛው ሌላ ኮን ሄፈርናን እንደሆነ አያውቅም።

ሰሌዳው የተሰቀለ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ላችማን ትመጣለች ብሎ አልጠበቀም። መጣች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ሰሌዳው ሥር ቆማ የአባቷ ያልሆነውን ስም ወደ ላይ አንጋጣ ታነባለች። ሃይማን የተጠበሰ አሳ በሳህን ይዞላት ሄደ።

“ተናደሽ?”

“አይ። ይሄኛውም እኮ ማንም የጻፈለት አልነበረም።”

አንዲት ዕንቁ ሐብል ያሰረች ሽማግሌ ሴት ጠጋ አለቻቸው። “የእኔ ልጅ፣ ዛልማን ታርኖፍስኪ ምንሽ ነው?”

ሬይ አላመነታችም። “የአባቴ ወንድም።”

“አወቅኩ። እኔ እኮ ልጅ ሆኜ እነሱ ግቢ ነበር የምንኖረው።” ሴትየዋ የሬይን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ መብራቱ አዞረችው። “ዓይኑን ተይው፤ አፍንጫሽ ቁርጥ እሱን ነው። ደም የት ይሄዳል?”

ሃይማን ሊያርማት አፉን ሲከፍት ሬይ በተረከዟ እግሩን ረገጠችው።